ሊቀ አድማስ እና የተለጠጠው ጭንቅላቴ

የእህቴ ባል ጭንቅላቴን እንደ ተጋደመ ፓፓያ ለጥጦ በእናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርጓል። ይህ አስተያየት አይደለም፤ ማንም ሰው በር አንኳኩቶ ገብቶ በዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችል ሐቅ ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ በመላው ቤተሰብ ፊት፣ «እትዬ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» በሚል ማባበያ ታጅቦ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም። አሮጌ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሱ አንስቶ እስኪጨርስ ድረስ የሰው ልጅ በሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ከልቡ የሚያምን። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ትቶ ከጀርባቸው ያለውን ኮረብታ አንስቶ የሚመለስ። እኔ በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፤ ብዙ ዓይነት ጥፋተኛ አይቻለሁ። የጥፋቱን ማስረጃ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ በፍሬም አስገብቶ፣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያመጣ ግን ከእህቴ ባል በቀር አላጋጠመኝም።

በእኛ ቤት ማዕረጉ «ሊቀ አድማስ» ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሐሳቤም እሱን ማሳፈር ነበር። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

የማዕረጉ ምንጭ አንድ ሌንስ ነው፤ ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ሌንስ። ሠፈራችን የነበረው ፎቶ ቤት ሲዘጋ ሽማግሌው ባለቤት ሰጠው። መስተዋቱ ላይ ጭረት አለ። ጭረቱ በሚነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ ክንፉን የዘረጋ ወፍ መስሎ ይወጣል። ሊቀ አድማስ «ንስሬ» ይለዋል። ወደ ገጠር ስንወጣ ሌንሱ ከፊት ወንበር ላይ የደህንነት ቀበቶ ታስሮለት ይቀመጣል። እህቴና እኔ ከኋላ ተጣበን፣ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ጭናችን ላይ አጋድመን እንጓዛለን።

«እትዬ፣ አጥብቀው ይያዙልኝ፤ ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ» ይለኛል።

«የእኔን ወገብስ ማን ይያዝልኝ?»

«የእርስዎ እንኳ ጠንካራ ነው።»

እንዲህ ያለው ሌንስ የታወቀ ጠባይ አለው፤ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ያሳንሳል። ስለዚህ ሊቀ አድማስ ተራራ ሲያነሳ ተራራው ብጉር ሆኖ ይወጣል። ከፊት ለፊት ደግሞ ምንጊዜም የገዛ ጫማው አፍንጫ ይገባል። ጫማው የሌለበት መልክዓ ምድር አንስቶ አያውቅም። ሸለቆ ከነጫማው፣ ፏፏቴ ከነጫማው፣ ጎሕ ሲቀድ ከነጫማው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ፊርማዬ ነው።»

«እሺ፣ ተራራውስ?»

«እዚያች ጋ እትዬ፣ ከበሬው ቀንድ ዝቅ ብሎ። አይ፣ እሱ አቧራ ነው። ከአቧራው ቀጥሎ ያለው።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚግጥ ፈረስ አገኘ። «ይሄ ሌንስ ካልተጠጉለት አይሆንለትም» እያለ ተጠጋ፤ አሁንም ተጠጋ፤ በመጨረሻም ፈረሱ ሌንሱን በምላሱ ላሰው። ጤነኛ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይጠርገዋል። እሱ ግን በተላሰው ሌንስ ሜዳውን አንስቶ «ጭጋግ» የሚል ርዕስ ሰጠው። ከሥራዎቹ ሁሉ የተዋጣለት እሱ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መመስከር ግዴታዬ ነው።

በሁሉም ላይ የሚደጋግማት አንዲት ቃል አለችው፤ «ሁሉም ይገባል!» የምትል። ዛፉ ይገባል፣ ወንዙ ይገባል፣ አጥሩ ይገባል። የማይገባው እሱ ብቻ ነው። ካሜራው ቁልፏ ከተጫነች በኋላ «ዝዝዝ» እያለ ቆይቶ በራሱ ያነሳል፤ ሊቀ አድማስም ሮጦ ከእኛ ጋር ለመቆም ይሞክራል። ደርሶ አያውቅም። በቤተሰባችን አልበም ውስጥ እሱ ማለት የሚሮጥ ጀርባ፣ ወይም አየር ላይ የቀረ እግር ነው።

አሁን ወደ ክሱ እመለሳለሁ።

እናታችን ያደገችበት ሜዳ አለ። ባለፈው ዓመት እሷን ይዘን ሄደን ሊቀ አድማስ አነሳን፤ ፎቶው ሲታጠብ ሜዳው ሙሉ በሙሉ ነበረ፣ እኛ ግን ጉንዳኖች ሆነናል። «ሰው ጉንዳን አይደለም!» አልሁት። «እናታችን ነጥብ አይደለችም! ቀረብ ብለህ አንሳ!» ይህን መናገሬን አልክድም፤ ነገሩ ለተከሳሹ እንደሚጠቅመውም አውቃለሁ።

በዚህ ዓመት መርከብ ላይ የሚሠራው ወንድማችን ለዕረፍት መጣ። እናታችን ዓይኗ እየደከመ ነው። «ሳይጨልምብኝ፣ ሁላችሁንም እዚያ ሜዳ ላይ በአንድ ላይ ልያችሁ» አለች። ለሌላ ዙር ጊዜ አልነበረም፤ ወንድማችን በማግስቱ ወደ መርከቡ ይመለሳል። እህቴ በስልክ እናንሳ አለች። ሊቀ አድማስ ስልኩን የሞተ አይጥ እንደሚያይ ሰው አየው።

ሜዳው ላይ አሰለፈን። «ጠጋ! ጠጋ! ሁሉም ይገባል!» እናታችንን መሀል፣ የእህቴን ልጆች ከፊቷ፣ ወንድሜንና እህቴን ከጎንና ከጎኗ፣ የቀረውን ዘመድ ከእነሱ ቀጥሎ ደረደረ። እኔን በግራ በኩል መጨረሻ ላይ አቆመኝ።

«እኔ ለምንድን ነው ዳር የምቆመው?»

«ዳሩን ጠንካራ ሰው ካልያዘው ይፈርሳል፣ እትዬ።»

እንደ ሙገሳ ወሰድሁት። ካሜራው «ዝዝዝ» ማለት ጀመረ። ፊት ለፊት ብቻ እንድናይ ታዘን ስለነበር ፊት ለፊት አየሁ። የሩጫ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም «ወይኔ!» የሚል ጩኸት። እንደ ልማዱ አልደረሰም አልሁ በልቤ።

ፎቶው የጠረጴዛ ልብስ አክሎ መጣ። እናቴ በበሩና በቁም ሳጥኑ መካከል ሰቀለችው። «ሁሉም ይገባል» ያለው ሰው ፎቶ ግድግዳው ላይ ራሱ ስላልገባ የቀኝ ጫፉ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተሸጎጠ። የቀረውን መረመርሁ። እናቴ መሀል ላይ ናት፤ ፊቷ ጥርት ያለ፣ ቅንጣት ያልተዛባ። ከኋላዋ ሜዳው፣ ጅረቱ፣ ብቸኛው ዛፍ፣ የፈረሰው የአባቷ ቤት ግድግዳ ሳይቀር አለ። ሰማዩ ላይ ንስሩ አለ። በግራ ጠርዝ ደግሞ እኔ፤ አንዱ ጆሮዬ ወደ ጎረቤት አገር ሊሻገር የተነሳ ይመስላል። ይህ አንደኛው ክስ ነው። ሁለተኛው፣ በእህቴ በኩል፣ አንድ ሰው ሊቆምበት የሚችል ባዶ ቦታ ያለ ምክንያት ተትቷል። ሦስተኛው፣ ከፊት ለፊት ሣሩ ላይ እንደተለመደው ጫማ አለ፤ በዚህኛው ግን እግር የለበትም።

የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ያርፋል።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች አንዲት ጎረቤት እኔ ሻይ እየቀዳሁላት።

«ትልቋ ልጄ ናት፣ ጠበቃዋ» አለች እናቴ።

ጎረቤቲቱ ፎቶውን አየች፤ ዞራም እኔን አየች። «ታዲያ ያ ሁሉ ሕግ የት ይቀመጥ?» ብላ ሻይዋን ተቀበለችኝ።

በቀጣዩ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ተከሳሹ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ብርቱካን እየላጠ ሳለ፣ ተነሥቼ ውሳኔዬን አሰማሁ፤ ፎቶው ይወርዳል።

«አትንኪብኝ!» አለች እናቴ።

ነካሁት። ፍሬሙን ከሚስማሩ አላቅቄ ስስበው የቀኝ ጫፉ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወጣ። እዚያ ሊቀ አድማስ ቆሟል። ጭንቅላቱ እንደ እኔው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ተለጥጧል። መነጽሩ የብስክሌት ጎማ አክሏል። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ጥርሱን ከጆሮ እስከ ጆሮ ገልጧል፤ በጆሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ቀላል አይደለም።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«ደረስኩ እኮ፣ እትዬ!» አለ በኩራት፤ ብርቱካኑ ከእጁ ወደቀ።

«ቦታህ መሀል አልነበረም እንዴ?»

«ነበር እንጂ!» አለች እህቴ። «ጠጋ ብዬ ቦታ ይዤለት፣ አጠገቤ ሲደርስ አልፎኝ ሮጠ። እስከ ዛሬ አልነገረኝም።»

መስቀለኛ ጥያቄዬን ጀመርሁ። «ዳር የቆመ ሰው እንደሚለጠጥ ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ አቆምኸኝ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ጠጋ ብለህ አንሳ አሉኝ። ጠጋ ካልኩ አንድ ሰው ይለጠጣል። ልጆቹ ቢሆኑ ያለቅሳሉ፤ ወንድምዎ ቢሆን መርከብ ሙሉ ሰው ይስቅበታል። እርስዎ ይቆጣሉ እንጂ አያኮርፉም።»

«አንተስ? ለአንተ ቦታ ነበረህ።»

ብርቱካኑን ከምንጣፉ ላይ እያነሳ፣ «ታዲያ ብቻዎን ተለጥጠው ይቅሩ?» አለኝ።

 ፍሬሙን እንዳቀፍሁ ወደ እናቴ ዞርሁ።

«አሁን ስቀዪው» አለች እናቴ። «ሁላችሁም አላችሁበት።»

በገዛ እጄ መልሼ ሰቀልሁት። ከዚያም ጥያቄዬን አሻሽዬ አቀረብሁ፤ ፎቶው ይቆይ፣ ቁም ሳጥኑ ግን ፈቀቅ ይበል፣ ሁለተኛው ሰውዬም ይታይ። እናቴ ቁም ሳጥኑ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል አስታወቀች። ተከሳሹ ራሱ ከእሷ ጋር ወገነ፤ «ይተዉት እትዬ፣ ይከብዳል» አለ። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ከእሱ ጋር ሆኜ ቁም ሳጥኑን እገፋው ነበር፤ ወንድሜ ግን ባሕር ላይ ነው።

ዛሬም እንግዳ ይመጣል፤ ዛሬም «ይቺ ደግሞ ማናት?» ይባላል። እኔ ተነሥቼ «ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሌላም አለ» እላለሁ፤ የሚያምነኝ አላገኘሁም። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ቁም ሳጥኑ እዚያው ነው፤ ጭንቅላቴም እንደዚያው ነው።