ከጀርባዬ የተለጠፈው «እንዳይነካ»

ዛሬ ጠዋት በለጠፍኩት ፎቶ ሥር «እሺ፣ አንነካም» ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ አሁን ገባኝ። አሁን! ቀኑ ካለቀ በኋላ!

እኔኮ አድናቆት መስሎኝ ነበር። ለእያንዳንዳችሁ ቀይ ልብ ስልክላችሁ የዋልኩት ለዚያ ነው። እባካችሁ ልቤን መልሱልኝ።

ፎቶውን ላላያችሁት፦ ጥቁር ጉርድ ለብሼ፣ ግማሽ ዞር ብዬ፣ አዲሱን የእንፋሎት ካውያዬን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ከላዩ «ሕይወት በዘዴ ስትቀል» የሚል ጽፌበታለሁ።

ቀለለች! እኔም አብሬያት ቀለልኩ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምኖረው ሰመራ ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል እከፍታለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ስቲከር እለጥፋለሁ። ቁጥር የሌለው ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ማለት ነው። እዚህ ግን ከሮቶው የሚወርደው ውሃ ቀትር ላይ የሚጎድለው ሻይ ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ሰው ለመኖር ፍሪጅ ገዛሁ። ዝውውር የደረሰው አንድ አስተማሪ አዋሽ ላይ ዕቃውን እየሸጠ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፤ በአይሱዙ አስጭኜ፣ እኔ ጋቢና እሱ ከኋላ ሆነን ሰመራ ገባን። መኪናው በቆመ ቁጥር እየወረድኩ ገመዱ መላላቱን አይ ነበር። ለሰው እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር ነበር። ሰመራ ውስጥ ፍሪጅ የገዛ ሰው ፍሪጅ የለውም። ፍሪጁ የግቢው ነው!

በማግሥቱ ጎረቤቴ ሰዓዳ አራት ሃይላንድ ውሃ ታቅፋ መጣች። ሰዓዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች፤ ክፍሏ ከክፍሌ ፊት ለፊት ነው። ረመዳን ሲገባ አራቱ ሃይላንድ ስምንት ሆነ። እኔም ሁዳዴ ላይ ስለሆንኩ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ፍሪጄን የከፈተ ሰው የሚያየው ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ ነው።

ሁሉም በአንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙስ! ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ፍሪጅ ሳይሆን ወንጀል ነው።

ስለዚህ ሲስተም ዘረጋሁ። የሰዓዳ ጠርሙሶች ከ«ሰ-1» እስከ «ሰ-8»። የኔ ደግሞ ያለ ቁጥር። የፍሪጁ ባለቤት ቁጥር ምን ያደርግለታል? (ይቺን ያዙልኝ፣ ትፈለጋለች።)

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ አንዲት ትንሽ ሃይላንድ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ግማሽ ሊትር ናት፤ እሷም ሙሉ አይደለችም። የጠርሙሷ አንገት ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል።

ዘምዘም ነበር፣ ከመካ የሚመጣው የተባረከ ውሃ። ወንድሟ ከዑምራ ሲመለስ ያመጣውን ለዘመድ ሲያካፍል ለሰዓዳ የደረሳት ይህችው ናት። እሷም አልቀመሰችውም፤ ለእናቷ ለእማማ ሐሊማ ነው ያስቀመጠችው። እሳቸው ዱብቲ ሆስፒታል ከተኙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ሰዓዳ ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር፣ ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ አፌ የሚገባው ዘምዘም ነው ይሏታል። ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።

«በአላህ፣ ትዕግሥት፣ ይቺን አደራ» አለችኝ ስሜን ጠርታ።

አደራ ስባል ምን አደረግሁ? ክሩን ፈታሁት!

ክር ሲስተሙ ውስጥ የለማ! ለሰዓዳም ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፦ ክር አይነበብም፣ ክር ቀን አይጻፍበትም፣ ክር የድሮ ሰው ነገር ነው። በክሩ ፋንታ መሥሪያ ቤታችን ለትልልቅ ጉዳዮች ብቻ የሚያወጣውን ነጭ ስቲከር አምጥቼ በወፍራም ማርከር ጻፍኩበት። «ልዩ። እንዳይነካ።» (አለቆቼ ይህን ካነበባችሁ፣ የወሰድኩት አንድ ስቲከር ብቻ ነው።)

ሰዓዳ ክሯን ጣቷ ላይ ጠምጥማ አየችኝ። እስከ ዛሬ በከሰል ካውያ የምትተኩስ ሴት ስለ ሲስተም ምን ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ አስቤአለሁ። ዛሬ ምንም አልደብቃችሁም።

አሁን ወደ ካውያው እንምጣ።

የቤቴ ውሃ ጨው ይበዛዋል። የመጀመሪያው የእንፋሎት ካውያዬ በሁለት ወሩ ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነው ሞተ። ሁለተኛውን ስገዛ ዘዴ አመጣሁ፦ ፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን በረዶ አቅልጬ፣ ውሃውን በትንሽ ሃይላንድ እያጠራቀምኩ ለካውያው ማጠጣት ጀመርኩ። ጨው የለው፣ ቆሻሻ የለው! እዚሁ ገጽ ላይ ስለጥፈው ስንቶቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል። የሳቀችብኝ ሰዓዳ ብቻ ናት። «የፍሪጅ ላብ» ብላ ስም አወጣችለት።

እንግዲህ የፍሪጁ በር ላይ ሁለት ትንንሽ ሃይላንዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ዘምዘም ነው፣ ባለ ስቲከር። ሌላው የፍሪጅ ላብ ነው፣ ያለ ምንም።

ትናንት መብራት ሄደ።

ጠዋት ስነሣ ፍሪጁ ሲያለቅስ አድሯል። ያልረጠበ ነገር የለም። እኔ ደግሞ አርፍጃለሁ፣ ያውም ዛሬ! ዛሬ ስለ አዲሱ የፋይል አያያዝ ለመላው ሠራተኛ ገለጻ የምሰጥበት ቀን ነበር። የተመለሰው መብራት ደግሞ ሳይሄድ ጉርዴን ልተኩስ ብዬ፣ የፍሪጁን በር ከፈት፣ ስቲከር የሌለውን ሃይላንድ ላፍ፣ ካውያው ውስጥ ግልብጥ! ባዶውን ጠርሙስ ወርውሬ ወደ ሥራዬ።

ስቲከሩ በርጥበት ተንሸራትቶ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ማን ያያል? ጠርሙሱን ስገለብጥ በሙጫው በኩል ጉርዱ ላይ ዱብ አለ። እኔ ሳላየው ጉርዱን አገላብጬ ከላይ ተኮስኩበት። በእንፋሎት! ደጋግሜ! ካውያው ነጭ ነጭ ነገር ሲተፋ ግን ገርሞኝ ነበር። የፍሪጅ ላብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጨው ያለው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ፎቶ። ከዚያ «ሕይወት በዘዴ ስትቀል»። ከዚያ ቢሮ።

ገለጻው ደርሶ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጠሁ።

«ስቲከር ማለት» አልኳቸው እየጻፍኩ፣ «ማንም ሳይጠይቅ ዕቃው ራሱ ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሳቅ፣ ጭብጨባ! እኔም ሞቀኝና ጨመርኩ፤ ልዩ የሆነ ነገር ከሩቅ መታወቅ አለበት አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ። በፋይል አያያዝ እንባ የሚያስፈስስ ሰው ከኔ ሌላ ታውቃላችሁ?

አለቃችን ሲያመሰግኑኝ መልእክቱን ሁላችንም በደንብ አንብበነዋል አሉ። አንብበነዋል! ሰምተነዋል አላሉም እኮ። እኔ ግን ምኑ ይገባኛል? ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን እያደነቅሁ ቤቴ ገባሁ። እስቲ ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ጉርዴን አውልቄ አልጋው ላይ ስዘረጋው አየሁት። ልክ መቀመጫዬ ላይ።

ልዩ። እንዳይነካ።

መጀመሪያ የመጣብኝ የቢሮው ነገር ነበር፤ ፊቴ ነደደ። ቀጥሎ ስቲከሩ የማን ጠርሙስ ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ተነሥቼ ወደ ፍሪጁ ተንደረደርኩ።

ፍሪጁን ስከፍት በሩ ላይ አንድ ትንሽ ሃይላንድ ብቻ ቆሟል። የፍሪጅ ላብ፣ ሙሉውን፣ ማንም ሳይነካው።

ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ናት። እናቷን ከሆስፒታል አስወጥታ ከዱብቲ በሚኒባስ ተነሥተዋል፤ እማ መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ ዘምዘሙ ነው አለችኝ። ቀዝቅዟል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ አልኳት።

አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ አንፎሎው ብታደርጉኝ አልፈርድባችሁም።

አዲስ ስቲከር አወጣሁ። (እሺ፣ የወሰድኩት ሁለት ነው። ከላይ ዋሽቻለሁ።) በዚያው ማርከር፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ «ልዩ። እንዳይነካ።» ብዬ ጽፌ የፍሪጅ ላቡ ላይ ለጠፍኩት። ውሃ ውሃ ነው አልኩ ለራሴ። መዝገብ ቤት ውስጥ እውነቱ የተለጠፈው ነው። ሰዓዳ ደስ ይላታል፣ እናቷ ደስ ይላቸዋል፣ እኔም እተርፋለሁ። ያን ሰዓት ምንም ስሕተት አልታየኝም ነበር።

ከዚያ እማማ ሐሊማ ገቡ።

የልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ነው የገቡት። ቀጥነዋል፤ ነጠላ ጫማቸው እንኳ ሰፍቷቸዋል። የሰዓዳ ክፍል ምንጣፉ ላይ ትራስ ደግፈንላቸው ተቀመጡ። ሐኪሙ መጾም የለብዎትም ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ከቀትር ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም፣ አፌን ለዘምዘሙ ጠብቄ ነው ይላሉ።

ሰዓዳ ሃይላንዷን ከፍሪጄ አመጣች። ከዚያ ከኪሷ ያንን አረንጓዴ ክር አውጥታ ጠርሙሱ አንገት ላይ መልሳ አሰረችው። ሳትጥለው ነው የቆየችው!

አዛን አለ። እማማ ቴምር ቀመሱና ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው አነሡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እማማ፣ እሱ የፍሪጅ ላብ ነው!»

የጮህኩት እኔ ነኝ።

ሰዓዳ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል? መብራቱን፣ ካውያውን፣ ጉርዱን፣ አዲሱን ስቲከር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አዳራሽ ሙሉ ሰው መቀመጫዬን ሲያነብ መዋሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምርቃት ነው።

ሰዓዳ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ክሩን ለምን ፈታሽው?» አለችኝ ብቻ።

 

እማማ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ካውያው ውስጥ የቀረ እንዳለ ጠየቁ።

ሮጥኩ! ካውያውን አምጥቼ ከሰዓዳ ጋር ፍንጃል ላይ ገለበጥነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የፍንጃሉን ወገብ እንኳ አልደረሰም፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ሰዓዳ ይህ አይጠጣም ብላ ማልቀስ ጀመረች። እማማ አብሽሪ አሏት። ጣታቸውን ነክረው ግንባራቸውን አበሱ፣ ዓይናቸውን አበሱ፣ የሚያማቸውን ጉልበት አበሱ። የሚጠጡትን ከ«ሰ-3» ቀዳንላቸው፣ ተራ የሰመራ ውሃ። ቀዝቃዛ ነው፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፍንጃሉ ቂጥ ላይ አንድ ጠብታ ቀርታለች።

«ነይ። አፍሽን ክፈቺ። ይቺ ለምላስሽ ናት።»

ከፈትኩ። የካውያ ጣዕም ነበራት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሽርጥ ነው የለበስኩት። ጉርዱ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ከሥራ ስገባ አውልቄዋለሁ አልኳቸው። 

«ለብሰሽው ስትውይ አልዋሸሽም። ባወለቅሽው ሰዓት ዋሸሽ። በይ ሂጂና ልበሺው።»

ሄጄ ለበስኩት! ምን ምርጫ አለኝ? ተመልሼ ስገባ ዞር በይ አሉኝ፤ ዞርኩ። ሰዓዳ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበበችላቸው። አንብባ ሳትጨርስ እንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች። እማማም ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሐኪሙ ሳቅ አልከለከላቸውም መሰለኝ። እኔም «እንዳይነካ» ላይ ተቀምጬ የምስር ሳምቡሳ በላሁ። ሁዳዴ ነው፣ በሥጋው ድርሻ የለኝም።

ይቅር ተባልኩ ማለት ነው? አልተባልኩም። ሰዓዳ ፍርዷን ሰጥታኛለች፦ ነገ ለወንድሟ እኔው ራሴ እደውላለሁ፤ ከዘምዘሙ የቀረው ካለ እለምነዋለሁ፤ የመጀመሪያው የት እንደገባ ሲጠይቀኝም ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። በስልክ እንዴት ይጀመራል? «ጤና ይስጥልኝ፣ ዘምዘምዎን የጠጣው ካውያዬ ነው»?

ቅድም ፍሪጄን ከፈትኩ። ስምንቱም ሃይላንዶች አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮባቸዋል። ቁጥሮቼ ተልጠው፣ ተጠቅልለው፣ የእንቁላል ማስቀመጫው ላይ ተቀምጠዋል። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ስቲከሩ ግን ከጉርዱ አልላቀቅም ብሏል። በሳሙና ሞከርኩ፣ በጋዝ ሞከርኩ፣ በጥፍር ሞከርኩ። ነገ ደግሞ ቢሮ አለ፣ ሌላው ጉርዴ ገና አልታጠበም።

ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። «በእንፋሎት ሞክሪው» የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው።