ክብርት አምባሳደርና ያልተባለው ምስጋና

የክብርት አምባሳደራችን አንድ ተራ የሥራ ቀን ይህን ያህል ያስወጣታል፦ አርባ ጊዜ ደረጃ መውጣት፣ አርባ ጊዜ መውረድ፣ ግማሽ የጫማ ሶል፣ እንዲሁም ማንም ያልተናገረው አምስት ወይም ስድስት ምስጋና።

ሥራዋ በጤና ጣቢያችን ተላላኪነት ነው። የደም ናሙና ወደ ላብራቶሪ፣ ውጤት ወደ ሐኪም፣ ካርድ ደግሞ ካርድ ክፍል ወደምሠራው ወደ እኔ ታመላልሳለች። አምባሳደር ብለን የሾምናት እኛው ነን።

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ሁሉ ነገር አመላላሽ አይጠፋም፤ «እገሌ እንዲህ አለሽ» ብሎ እሳት ለኩሶ እጁን የሚያሞቅ። የእኛዋም ከዚያው ዘር ናት። ልዩነቷ ደግ ደጉን ብቻ ማመላለሷ ነው፤ ካጣች ደግሞ ራሷ ትፈጥረዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እሷ ባለችበት ግን ባዳ ሆኖ አያድርም። በሩን ገርበብ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጀምራለች፦ «እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ እንጂ…»

የላብራቶሪው ሰውዬና ደም የምትቀዳው ነርስ ዓይንና ናጫ ነበሩ። እሱ ናሙናዋን «አይበቃም» ብሎ ይመልሳል፤ እሷ «በባልዲ ልሙላለት?» ትላለች። ክብርትነቷ ለእሱ፣ «‹እሱ ያየው ውጤት መድገም አያሻውም› አለች» አለችው። ለእሷም፣ «‹እጇ ከመቅለሉ የተነሳ በሽተኛው መወጋቱን አያውቅም› ብሏል» አለቻት። በሳምንቱ የናሙና መመለሻው ወረቀት ላይ «እባክሽ» የሚል ቃል ታየ። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ መጥተው አዩት።

ዘበኛውንም «ሥራ አስኪያጁ ‹አቋሙ የጄኔራል ነው› አሉ» ብላው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አምቡላንስ በገባ ቁጥር ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል፤ ባዶውን ቢገባም።

ወደ ራሴ ልምጣ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልጄ ጥርስ ሊያወጣ እንቅልፍ በነሳኝ ሰሞን፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶችን ካርድ አቀያየርኩ። ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ ነቃሁና ሮጬ ለዋና ነርሷ፣ ለሲስተር፣ ተናገርኩ። ሲስተር ሰው በተሰበሰበበት ልክ ልኬን ነገሩኝ፦ «የበሽተኛ ካርድ ነው የያዝሽው፤ መጫወቻ ካርታ መሰለሽ?» የሙከራ ጊዜዬን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ከመባረር መቅደም ይሻላል ብዬ መልቀቂያ ጻፍኩ።

ክብርት አምባሳደር ወረቀቱን አየችብኝ።

«እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ እንጂ፣ ሲስተር ምን አሉ መሰለሽ? ‹ጥፋቷን ራሷ መጥታ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷን አልለቅም።›»

ለሌሎቹ ያደረሰችው ፈጠራ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። የራሴን ግን አመንኩ። መልቀቂያዬን ቀደድኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ብቻ ሳይሆን ዕድሜና የእናት ስም እየጠየቅሁ ካርድ ማውጣት ያዝኩ። ሲስተርም ፈረሙልኝ።

ላመሰግናቸው ገባሁ።

«ያን ቀን ስለ እኔ የተናገሩት ነው ያቆየኝ፣ ሲስተር።»

«ምን ብዬ?»

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላልኩም» አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉና፣ «ማለት ነበረብኝ እንጂ። አንቺስ ‹ቁጣቸው የእናት ነው፣ ከአንገት በላይ ነው› ብለሻል የተባለው እውነት ነው?»

ያን ቀን ስለ እሳቸው ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

«ብያለሁ» አልኩ።

ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ብቅ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ናሙና የያዘች ሴት ጠጋ ብላ «እገሌ ስለ አንተ እንዲህ አለ» ካለቻችሁ፣ እገሌን ሄዳችሁ «እውነት ብለሃል?» ብላችሁ አትጠይቁብን። እስኪለው ድረስ ጊዜ ስጡት።