ጦርነቱ ያልተጀመረበት ቅዳሜ

ሰው ጦርነት ይወዳል። በተለይ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ፣ የሚሞተውም ሌላ ከሆነ። አልዋሽም፣ እኔም እወዳለሁ።

ልጄ መክሊት እንዳጫወተችኝ፣ እዚሁ አሜሪካ ድሮ አንድ የጦርነት ጨዋታ ፈልሳፊ ነበር አሉ። በዚያ ዘመን ጨዋታው ሁለት ጦር ካርታ ላይ አሰልፎ መፋለም ነበር። እሱ ግን ለተጫዋቾቹ ጦር በመስጠት ፈንታ አንድ አንድ ሰው ሰጣቸው፤ አንተ ከንቲባ ሁን፣ አንተ ተማሪ ሁን አለ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጦርነቱን ትተው በየጥጉ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሰውየው ጨዋታዬ ተበላሸ ብሎ አዘነ። እነሱ ደግሞ መቼ ነው የምንደግመው ብለው ያዙት። ዛሬ ወጣቶቹ ጠንቋይና ባላባት እየሆኑ የሚጫወቱት ሁሉ ከዚያ ብልሽት የበቀለ ነው ትላለች።

አንድ ቅዳሜ መክሊት ጓደኞቿን ለዚሁ ጨዋታ ቀጥራ፣ በምንኖርባት ኦሮራ ከተማ በረዶ ጣለና ማንም አልመጣም። ቤት የነበረው ግርማ ብቻ ነው፤ ሃቫና ስትሪት ላይ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ። ትንሽ ቆይቶ ታናሽ ወንድሙ ተስፋዬ አንኳኳ። ፒዮሪያ ጎዳና ላይ እኛው ያለንበት አፓርትመንት ነው የሚኖረው። የመኪናው ባትሪ በብርድ ሞቶበት የባትሪ ማስነሻ ኬብል ሊዋስ ነው። ኬብሉ መኪናዬ ውስጥ ነው፣ መኪናዬ ደግሞ በረዶ ውስጥ ተቀብራለች፣ እስኪጠረግ ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ፤ ከወንድሙ ራቅ ብሎ። አይነጋገሩማ!

እናታቸው አገር ቤት ሲሞቱ ተስፋዬ የነርስነት ፈተና ሊቀመጥ ነበር። ግርማ እንደ ታላቅ አሰበና ደበቀው። እኛንም አፋችንን አዘጋን። መርዶው የተነገረው ከፈተናው በኋላ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ። ተስፋዬ ፈተናውን አለፈ። ለወንድሙ ግን ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሶፋዬ ላይ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የማታውቀው መክሊት ሁለቱን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ ዳኛ ሆነች። ተስፋዬን የምሽግ አዛዥ፣ ግርማን መልእክተኛ አደረገቻቸው። መልእክቱን ለግርማ በጆሮው ነገረችው፤ ንጉሡ ሞተዋል፣ አዛዡ ወንዙን ተሻግሮ ይዋጋ።

ግርማ ምሽጉ ደረሰ። መጀመሪያ የአዛዡ ጎረቤቶች ይጠሩ አለ። ቀጥሎ ይንጋ አለ። ቀጥሎ አዛዡ እህል ቀምሷል ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ጋሼ ግርማ፣ ኦኬ፣ ጀስት ይንገሩት!" አለች መክሊት።

ተስፋዬ ገብቶታል። "መልእክተኛ" አለ፣ ከካርታው ቀና ሳይል፣ "ንጉሡ መቼ ነው የሞቱት?"

ግርማ የጨዋታውን ዳይስ አገላበጠ። "ቆይተዋል። አዛዡ ውጊያ ላይ ነበር። ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ነው።"

"አዛዡ ልጅ አይደለም።"

"ለኔ ግን ልጅ ነው።"

ተስፋዬ ካርታው ላይ አቀርቅሮ አለቀሰ። እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ሸሸሁ። መክሊት ኩሽና ድረስ ተከትላኝ፣ "አባዬ፣ ጌሙን ፌይል አደረግኩት አይደል? ወንዙን እንኳን አልተሻገሩም" አለች።

ታረቁ አልላችሁም። በረዶው ተጠርጎ ተስፋዬ ኬብሉን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ "መክሊትዬ፣ አዛዡ የሚመጣው ቅዳሜም ምሽጉ ውስጥ ነው፤ ለመልእክተኛው ንገሪው" አላት። መልእክተኛው እዚያው አጠገቧ ጫማውን ያስራል።

ይኸው በየቅዳሜው ይመጣሉ። ጦርነቱ ግን እስከ ዛሬ አልተጀመረም።