የሌለው ቃል ፈተና

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን በደለኝ፤ ማንበብ የምችለዋን ሴትዮ «ማንበብ አትችልም» ብሎ ጻፈብኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ደባርቅ ውስጥ ያ ደጃፍ የእኔ ነው።

ንባብ ደረጃ አለው። የቄስ ተማሪ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ቃሉን ፊደል በፊደል እየነጠለ ይጠራል፤ አያይዞ መውረድ ኋላ ነው። እኔ ግን በሩን ትቼ በጣሪያ ገባሁ። ቤታችን ለብርዱ ሲባል በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ግድግዳውን በጣቱ እየተከተለ ያነብልኝ ነበር፤ እኔ እየፈተልሁ አያለሁ። እሱ ሲሞት ቃሎቹን በመልካቸው ለይቻቸው ነበር። ጎረቤት ሲመጣ አፍንጫና ጆሮውን ነጣጥሎ የሚያውቀው ማን ነው? በሦስት ክረምት አራቱንም ግድግዳ አንብቤ ጨረስሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ዝም አለ።

ቀበሌያችን የንባብ ክፍል ከፈተ። መጽሐፍ ተውሶ ቤት ለመግባት ግን የምስክር ወረቀት ያሻል። ተመዘገብሁ።

የፈተናው ዕለት አስተማሪው፣ ከጎንደር የመጣ ለጋ ወጣት፣ አንድ ገጽ ሰጠኝ። በአንድ ትንፋሽ ወረድሁበት። ይኼው ጥፋቴ ሆነ። «ሸምድደውት ነው፣ እትዬ» አለና ሰሌዳው ላይ «ቀሙለጠ» ብሎ ጻፈ። ባየው ባየው አላውቀውም። እንዲህ የሚባል ነገር የለም አልሁት። «አለመኖሩንማ አውቃለሁ፤ ፊደሉን ነጥለው ያንብቡት» አለኝ። የሌለን ነገር ምኑን ላንብበው?

ጎረቤቴ ብርቄ ተነሥታ «ቀ... ሙ... ለ... ጠ!» ብትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወረቀቷን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። ስንወጣ ለመሆኑ ምን ማለት ነው ብላት፣ «እኔ ምን አውቄ! አንብቢ እንጂ እወቂ አልተባልሁ» ብላ ሣቀችብኝ። መጽሐፍማ አልተዋሰችም፤ ባልና አምስት ልጅ ያላት ሴት ምን አጥታ?

በሳምንቱ አስተማሪው መንገድ ላይ በጉሙ መሐል ደረሰብኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አዝኖልኛል። በሚቀጥለው ዙር ከሀ ሁ ብጀምር እንደማልፍ ነገረኝና፣ «እንደው እትዬ፣ አንድ ትርጉም የሌለው ቃል እንዲህ ያስቸግራል?» አለኝ።

እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፣ ትርጉም የሌለውንማ ለብቻዬ ሳወራ ነው የምውለው፤ መጽሐፍ የፈለግሁት ትርጉም ያለው የሚያወራኝ ባገኝ ብዬ ነው።»