ወደ ሰመጠው መርከብ፣ በብሪክስተን በኩል

ልጄ ነጃት ትንሽ ሳለች፣ «እማ፣ ዋና ካልቻልሽ ባሕሩን እንዴት ተሻገርሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጀልባና በዱዓ፣ አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ ጀልባው ቢሰምጥስ ኖሮ አለች። ዱዓው አይሰምጥም ብዬ ዘጋሁት። ልጅ ዝም ሲል ጥያቄው ያለቀ ይመስላችኋል፤ ለካስ ከልጁ ጋር ያድጋል።

አድጎ መጣላችሁ። ነጃት ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና ትሠራለች፤ ዘንድሮ ለእረፍት ቀይ ባሕር እሄዳለሁ አለችኝ። ትንሽ ፀሐይ ትሙቅ ብዬ ደስ አለኝ። ጉዳይዋ ግን ከፀሐዩ ሳይሆን ከባሕሩ ሥር ነው። አየር የታመቀበት ብረት በጀርባዋ አዝላ፣ ድሮ የሰመጠ መርከብ ውስጥ ልትገባ። እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ያንኑ ባሕር ተሰድጄ ስሻገር ጀልባው እንዳይሰምጥ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ከፋቲሃ ጀምሬያለሁ። እሷ የሰመጠውን ፍለጋ በአውሮፕላን ትሄዳለች።

ሂጂም አትሂጂም አላልኩም። አልመረቅኋትምም። የእናት ዝምታ ከክልከላ እንደሚብስ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በእኛ ቤት ሰው ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም፤ ነጃት ለንደን ተወልዳ ብታድግም ሳልመርቃት ለፈተና እንኳ ሄዳ አታውቅም። ቀኑ ሲቃረብ፣ «እማ፣ ካልመረቅሽኝ እኮ ትኬቱን ካንስል ላደርገው ነው» አለች። በእንባ እንጂ በቁጣ አይደለም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንግዲያው መጀመሪያ ስትሰምጪ ልይሽ አልኳት።

ወደሚለማመዱበት መዋኛ፣ ብሪክስተን የሚባል የለንደን ሰፈር፣ ይዛኝ ሄደች። አሰልጣኟ ሱዛን የምትባል፣ ትከሻዋ በር የሚያክል ሴት ናት። ሳምቡሳ ሰጠኋትና፣ ነጃትን፣ «ልጄን አደራ ብላለች በይልኝ» አልኳት። ነጃት ያን የሚያህል አደራ በሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጨረሰችው። አደራ በሁለት ቃል ያልቃል? ሱዛንም ሳምቡሳውን እየገመጠች፣ አረፋ እስከታየሽ ድረስ ልጅሽ እየተነፈሰች ነው፣ ስጋት አይግባሽ አለችኝ።

ዳር ተቀምጬ፣ ሙስበሐዬን፣ የዱዓ መቁጠሪያዬን፣ ይዤ፣ ለአንድ አረፋ አንድ ሱብሃነላህ እል ጀመር። ልቤ ረጋ ሲልልኝ፣ ልጄ ከውሃው ሥር እንደተቀመጠች የምትተነፍስበትን ጎማ ከአፏ አወጣችው። ልምምድ ነው ለካ፤ አውጥቶ መልሶ መጉረስ። ይህን ለእኔ ማን ነገረኝ? አረፋው ቀጠነ፣ ክር አከለ።

ከፍ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የመዋኛው ጠባቂ ፊሽካዋን ከአንገቷ ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ እኔ ገብቻለሁ። ከነሂጃቤ፣ ከነጫማዬ፣ ከነቦርሳዬ፣ በጥልቁ በኩል። ሐሳቤ ማዳን ነበር፤ ዋና አለመቻሌ ትዝ ያለኝ ከገባሁ በኋላ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ሲባል እንዲያው ለአነጋገር ይመስለኝ ነበር። ጨበጥኩት፤ የልጄን አረፋ፣ በሁለት እጄ።

ደግነቱ ከአረፋው ሥር ልጄ ነበረች። በብብቴ ይዛ ወደ ላይ አወጣችኝና፣ «ማሚ፣ ሪላክስ፤ ይዤሻለሁ» አለችኝ። በአንድ እጇ እንደያዘችኝ በሌላው እየቀዘፈች ዳር አደረሰችኝ። ያኔ ጀልባው ላይ እንዲህ ያለ እጅ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ፣ ብዬ አሰብኩ። ሱዛን ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ ሰው የማዳኑን ፈተና በአሻንጉሊት ልናደርገው ነበር፣ እናትሽ ግን ትበልጣለች፣ አልፈሻል አለቻት።

ወደ ሰፈራችን ስትሪትሃም በሚወስደን አውቶቡስ ፎቅ ላይ፣ በልጄ ፎጣ ተጠቅልዬ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ መረቅኳት። በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሽ፤ የሰመጠውን አይተሽ ሳትሰምጪ ውጪ አልኳት። አሚን አለች። ከኋላችን የተቀመጡ ሶማሌ አዛውንትም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አሚን አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነጃት ሳትነሳ ወጣሁ። መዋኛው የሴቶች ብቻ ሰዓት እንዳለው በር ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። በሕፃናቱ በኩል፣ ውሃው ወገቤ ላይ በሚደርስበት፣ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁና የዳሩን መደገፊያ ብረት ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ወንበሩ ላይ ያለችው ጠባቂ የትናንትናዋ ናት። ስታየኝ ፊሽካዋን ቀደም ብላ አፏ ውስጥ ከተተች።