የሰባተኛዋ ጫጩት ፍርድ

ደግነት ስንት ያወጣል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሁሉ «ደግነት ዋጋ የለውም» ይላል። ይህን የሚሉት ወይ ሰባኪዎች ናቸው፣ ወይ ገበያ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች። ዋጋማ አለው። እኔ በጣሊያን ጊዜ አንድ ቀን ሒሳቡ ፊቴ ቀርቦ አይቼዋለሁ፤ አርባ ሊሬ ነበር።

አርባ ሊሬ ዛሬ ለምትሰሙት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን የሁለት አህያ ጭነት ገብስ ዋጋ፣ የስንት ቀን ድካም፣ ለክረምቱም የቤቴ ክዳን ነበር። ከአባቴ የወረስሁት የአህያ ገመድ ብቻ ነው። ከገመዱ ጫፍ አህያ ያሰርሁበት እኔ ራሴ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘብ ሲቆጥር ብታዩት አትፍረዱበት።

ከቀራንዮ ማዶ ካሉ ገበሬዎች ገብስ እየገዛሁ ኮልፌ ለነበረው የጣሊያን በቅሎ ቤት አስረክብ ነበር። «ለጠላት በቅሎ ገብስ ታቀርብ ነበር እንዴ?» ብላችሁ ዓይናችሁን እንዳታፈጡብኝ። በቅሎዎቹ እኮ የእኛው ናቸው! ከየባለቤቶቻቸው ተቀምተው የገቡ ምርኮኞች ናቸው። ስለዚህ እኔ ምርኮኛ አበላሁ እንጂ ጠላት አላበላሁም። ይህ ክርክር ከጎረቤቶቼ አንዱንም አላሳመነም፤ እኔን ግን አሳምኖኝ ስለነበር ሌላ ምስክር አልፈለግሁም።

የበቅሎ ቤቱ ሹም ቃሉ አጭር ነበር። ገብሱ ከቀትር በፊት ከደረሰ አርባ ሊሬ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከመጣ እንኳን ሊሬ ሰላምታም የለም። በዚያን ዕለት ታዲያ ገና ጤዛው ሳይረግፍ አህያዎቼን ጭኜ ወጣሁ። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ወንዝ ስደርስ ጊዜ ተርፎኝ እንደ ባለጸጋ ቀስ ብዬ እራመድ ነበር። ጊዜ የተረፈው ሰው ሲያዩ የሚናደዱ አጋንንት መኖራቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ። ያኔ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ይወጡና መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «በሕግ አምላክ፣ ዳኛ ሁነን» ይሉታል። የተባለው ሰው አልፎ አይሄድም። ቢቸኩልም፣ ቢርበውም፣ ሙሽራ ሆኖ ሚዜዎቹ ቢጎትቱትም ቆሞ ይሰማል። ዳኝነት ሹመት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ዝናብ መንገድ ላይ የሚወርድብህ ነገር ነበር። ጣሊያን እርግጥ «ክስ ያለው ወደ ቢሮዬ ይምጣ» ብሎ አስለፍፏል። ሕጉን ወሰደው እንበል። የሕግን አምላክ ግን የሚጭንበት ካሚዮን አላገኘም።

ዞር ስል ነጠላቸውን ቋጥረው የቆሙት ወይዘሮ ዘነበችና አቶ ቶሎሳ ናቸው። ሁለቱም የዚያው ሰፈር ሰዎች፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ጉዳያቸውም ይህ ነው። አቶ ቶሎሳ ስምንት እንቁላል ነበረው፤ የምትታቀፍ ዶሮ ግን የለውም። ወይዘሮ ዘነበች ዶሮ አላት። እንቁላሉ ከእሱ፣ ዶሮዋ ከእሷ ሆኖ ጫጩቶቹን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ዶሮዋ ስምንቱንም ፈለፈለች። ከመካፈላቸው በፊት አንዱን ጭልፊት ወሰደው። ሰባት ቀረ። እነሆ ክሱ፤ ጭልፊት የበላው የማንን ጫጩት ነው?

«የእሱን ነው!» አለች ወይዘሮ ዘነበች። «እንዴት የእኔን?» አለ ቶሎሳ። «ዶሮዋ የአንቺ አይደለች? መከላከል ነበረባታ!» «ዶሮዬ ዘበኛ ናት እንዴ፣ ኦቦ ቶሎሳ? ጠመንጃ ላስታጥቃት?»

ይህን ሲባባሉ እኔ በልቤ አሰላለሁ። አንድ ጫጩት ግማሽ ሊሬ አያወጣም። እነሱ ደግሞ እንደ ጥንቱ ሥርዓት «የተረታ ለዳኛው አንድ ጉንዶ ማር እሰጥ» ተባብለው ተወራርደዋል። ግማሽ ሊሬ የማታወጣ ጫጩት፣ ብዙ ሊሬ የሚያወጣ ማር፣ አርባ ሊሬ የሚከስር ዳኛ! እንዲህ ያለ ንግድ በየትኛው አገር አለ? ስለዚህ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ «የጫጩቷን ዋጋ እኔው ልክፈልና ልሂድ» አልሁ።

ምነው ባልተናገርሁ! ጠላቶቹ ባንዴ ታረቁና ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩ። «ጫጩት የቸገረን መሰለህ እንዴ?» አለች እሷ። «ፍርድ ነው የጠየቅንህ!» አለ እሱ። ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም የመጣው ሁሉ ከቦን ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ «ዳኛው ይቀመጥ እንጂ፤ ቆሞ የሚፈርድ ለመሮጥ ያሰበ ነው» አሉ። ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ግን አልተቀመጠችም።

ስጠይቅ ነገሩ ጠራ። ጭልፊቱ በመጣበት ቀን ወይዘሮ ዘነበች ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች። ስትወጣም በአጥሩ በኩል «ኦቦ ቶሎሳ፣ ጫጩቶቹን እይልኝ» ብላ፣ እሱም «እሺ» ብሏል። እዚህ ድረስ ሁለቱም ያምናሉ። እሱ «ነቅቼ ስጠብቅ ነበር፤ ጭልፊቱ ቀደመኝ» ይላል። እሷ «ዛፍ ሥር ተጋድመህ ታንኮራፋ ነበር» ትላለች። ያየ ሰው የለም። ከዶሮዋ በቀር ምስክር የለም፤ ዶሮዋም አልተጠራችም።

እንግዲህ ምን ልበል? «አቶ ቶሎሳ፣ ነቅተህ እንደነበር በመድኃኔዓለም ማልና ፍርዱ የአንተ ነው» አልሁት። አያችሁ፣ ሰውዬው አንድ ቃል ቢናገር ጫጩቷም የእሱ፣ ማሩም በእሷ ላይ ነው። የሚያጋልጠው ሰው የለም። እኔማ ይማልልኝና ልገላገል ብዬ አንድ እግሬን ለመነሳት አዘጋጅቻለሁ።

ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገና «አልምልም» አለ። «ተኝቼ ነበር። ብዙ አይደለም እንጂ፤ ጭልፊት አንድ ጫጩት እስኪወስድ ያህል ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባተኛዋን ጫጩት ለወይዘሮ ዘነበች፣ የማሩን ዕዳ በቶሎሳ ላይ ፈረድሁ። ነጠላቸው ተፈታ። የሚገርመው የረታችው ሴትዮ መቆጣቷ ነው። «አንተ ሞኝ! ማን አየህና ነው የምትናዘዘው?» አለችው። «ማንም አላየኝም» አለ ቶሎሳ። «ተኝቼ ስለነበር እኔም አላየሁም። ግን አውቃለሁ።»

በዚያ ዘመን ከተማው በዘበኛ፣ በሽቦና በይለፍ ወረቀት ተጥለቅልቆ ነበር። ያ ሁሉ ዘበኛ የማይችለውን አንድ እንቅልፋም ገበሬ ራሱን በራሱ ጠብቆ ሲችለው አየሁ። መንግሥት ማለት ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብሁ። ብዙ ግን አላሰብሁም፤ ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቶ ነበር።

በቅሎ ቤቱ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ደበደብሁ። ሹሙና አስተርጓሚው ወጡ። አስተርጓሚው የእኛው ሰው ነው፤ ባርኔጣው ብቻ የእነሱ ነው። «የት ነበርህ?» አለኝ። እውነቱን ከጫጩቷ እስከ ጭልፊቱ ነገርሁት። ተረጎመለት። ሹሙ «ስንት ከፈሉህ?» አለ። «እስካሁን ምንም።» «ዘመዶችህ ናቸው?» «አይደሉም።» ፊቱ ጠቆረ። አርባ ሊሬ እየጠበቀው ለባዳ ዶሮ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ይህ ሰው ከሽፍቶች ጋር ሲመክር ውሎ ነው አለ። እንግዲህ ከአርባው ሊሬ ጋር ራሴም ልሄድ ነው!

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ እውነትህ ሊያስገድልህ ነው» አለኝ። «ሰክሬ ነበር በል። እነሱ ስካር ይገባቸዋል።» «አልልም» አልሁ። «እንግዲያው እኔ እልልሃለሁ» አለና ለሹሙ አንድ ነገር ነገረው። ከሁሉ «ኡብሪያኮ» የምትለዋን ቃል ለየኋት። በዚያ ዘመን ጠጅ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰካራም ማለት ናት።

የሹሙ ፊት በራ። አውራ ጣቱን ወደ አፉ አስጠግቶ የመጠጣት ምልክት እያሳየ «ኡብሪያኮ?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። አንገቴን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ። አርባ ሊሬ በአንድ የአንገት ንቅናቄ! ማን ያየኛል? ግን ሌላውን ሰው ማል ብዬ ጉንዶ ማር ካስከፈልሁ ገና አህያዎቼ እንኳ አላረፉም። ለቶሎሳ የከበደ ሕግ ለእኔ ሊቀል ነው? ደረቴን ነፋሁና «ኖ!» አልሁ። ከእሷ ሌላ የማውቀው ጣሊያንኛ እሱ ብቻ ነበር።

ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ በጣቱ እያሳየ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። አስተርጓሚው እንባውን እየጠረገ «ሰካራም ሁሉ አልሰከርሁም ነው የሚለው ይላል» አለኝ። «አሁን ፈጽሞ አመነ።» ገብሱ ተራገፈ። ለስካሬ መቀጫ አሥር ሊሬ ተቀንሶ ሠላሳ ሊሬ እጄ ላይ ተቆጠረ። አስተርጓሚው «ለውሸቴስ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ያላዘዝሁትን ዕቃ አልከፍልም» ብዬ አህያዎቼን ነዳሁ።

ሒሳቡን እነሆ። ወጪ፤ አሥር ሊሬ፣ ግማሽ ቀን፣ አንድ መልካም ስም። ከዚያ ወዲያ በቅሎ ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ እጁን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው የሚቀበለኝ። የማሩ ገቢ የቶሎሳ ቀፎ ሲቆረጥ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ንቦቹ ግን በዚያው ክረምት ቀፎውን ጥለው ሄዱ፤ እነሱን በሕግ አምላክ ብሎ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ገቢ፤ ሠላሳ ሊሬ። ይህን ያህል ዘመን ነግጃለሁ፤ እውነት በመናገሬ የተከፈለኝ ገንዘብ እሱ ብቻ ነው። እሱንም የከፈለኝ ያላመነኝ ሰው ነው።