እናቴ መነጽር ውስጥ የገባች ዕለት

በመርሳት ላይ የምንፈርደው ፍርድ ይገርመኛል። እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ይዤ እያወራሁ «ስልኬን የት ጣልሁት?» ብዬ ኪሴን ስዳብስ፣ ያየኝ ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» ብሎ ያዝንልኛል። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት እናቴ ቁልፏ ሲጠፋት ግን ጃጀች እንላለን። «ካረጁ አይበጁ» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ራሱ አርጅቶ አይመስለኝም። እናንተም እንዲህ ፈርዳችሁ ታውቃላችሁ፤ አትደብቁኝ።

እናቴ ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ብቻዋን ትኖራለች። አምና የቤቷን ቁልፍ ገብስ ጎተራ ውስጥ ጥላ ሦስት ቀን ፈለገችው። እኔንም ሁለት ጊዜ በሟች ወንድሟ ስም ጠራችኝ። ፈራሁ። «ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ግቢ» ብዬ ብለምናት፣ «በቁሜ ቤቴን አልዘጋም» አለች። በዚሁ ስንጨቃጨቅ ዓመት አለፈ።

በዚህ መሀል የአረጋውያንን አእምሮ የሚመረምሩ ባለሙያዎች አዲስ መሣሪያ ይዘው ንፋስ መውጫ መምጣታቸውን ሰማሁ። ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና ውል አስገባችኝ።

«መሣሪያው ጃጅተሻል ካለኝ፣ በጎቼን ሸጬ እከተልሃለሁ። ደኅና ናት ካለ ግን ይኸን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

ተስማማን።

መሣሪያው ዓይን ላይ የሚታሰር ጥቁር፣ ወፍራም መነጽር ነው፤ ቪአር ይሉታል። ያጠለቀው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሌላ ዓለም ይገባል። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። መነጽሩን ከእናቴ ሻሽ በላይ አሰረችና፣ «እማማ፣ ዛሬ ለምሳ እንግዳ ይመጣብዎታል» አለቻት። «ሱቅ ገብተው ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዕንቁላል፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨውና በርበሬ ይግዙ።»

እሷ የምታየውን እኛም አጠገባችን ባለው ኮምፒውተር እናያለን። እናቴ እንደገባች ለባለሱቁ «እንዴት ዋልህ?» አለችው። አልመለሰላትም። «ምን ያለው ኩሩ ነው!» ብላ አለፈችው። ከዚያ መሸመት ጀመረች። እጇ የሚዘግነው ባዶ አየር ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ከመደርደሪያው ይነሳል። ጉድ ነው! ከጋይንት ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ በምድር ላይ በሌለ ሱቅ ውስጥ እንደ ገዛ ጓዳዋ ስትመላለስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ስትጨርስ ውጤቱ ወጣ፤ ከሰባቱ አምስት። ዕንቁላልና ቅቤ የሉም። ክርክሩን ረትቻለሁ ማለት ነው፤ ግን የእናቴ ቤት ሲዘጋ ታየኝ።

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። መሣሪያው የእናቴ ዓይን የት እንዳረፈ፣ እጇ ወዴት እንደሄደ ሁሉንም መዝግቦ ኖሯል። መልሳ አሳየችኝ። የእናቴ እጅ ዕንቁላሉ ድረስ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ቅቤው ዘንድም እንዲሁ። ረስታው ቢሆን እጇ እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?

«እማማ፣ ዕንቁላሉንና ቅቤውን ለምን ተዉት?»

«ዛሬ ሮብ አይደለም እንዴ? በጾም ቀን ለእንግዳ ዕንቁላል የሚያቀርብ ምን ያለ ሰው ነው?»

መርማሪዋ ሳቀች። የሰው አእምሮ ሲመረመር መጀመሪያ ከሚጠየቀው አንዱ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሆነ ነገረችኝ። እናቴ ሳትጠየቅ መልሳዋለች። ለየትኛው እንደምደነቅ ግራ ገባኝ፤ የእጅን ማመንታት ለሚያየው መሣሪያ ነው ወይስ በሌለ ሱቅ ውስጥ እንኳ ጾሟን ላልገደፈችው እናቴ? ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት። መርማሪዋም «ደኅና ናቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናያቸዋለን» ብላ ጻፈች።

እዚህ ላይ ተነሥተን ብንሄድ ምን ነበረበት? እኔ ግን አላርፍ አልሁና «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብዬ መነጽሩን አጠለቅሁ። ሰባቱንም ለቃቅሜ በድል ወጣሁ።

«ሰባት ከሰባት!» ብዬ ለእናቴ ፎከርሁላት።

«ዕንቁላሉንም ገዛህ?»

«አዎ!»

«ቅቤውንም?»

«እሱንም!»

«ሮብ መሆኑን አሁን ነግሬህ?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ልጄ፣ እኔስ ቤቴ ብቻዬን እኖራለሁ» አለቻት። «እሱን ግን ብቻውን አትልቀቁት።»